ምዕራፍ 7፦ አልረጋ ያለው ቮልት

ማታ ጥሩ ድምፅ ሲሰጥ ያመሸ፣ በእጅ የተሠራ የፈዝ ፔዳል በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲሰካ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ኖታው ሳይጨርስ ይሞታል። የሠራው ሰው ክዳኑን ፈትቶ ቴስተሩን ያወጣል። ትናንት 4.5 ቮልት የነበረው ቦታ ዛሬ 6 ይላል። ሁለተኛ ሲለካው 5.7፣ ጥቂት ቆይቶ 5.4። “አንዱ ዕቃ ተቃጥሏል” ብሎ መበየጃውን ያግላል፤ ትራንዚስተር ይነቅላል፣ ካፓሲተር ይቀይራል። ማታ ላይ ፔዳሉ ይድናል፣ የትኛው ዕቃ እንዳዳነው ግን አይታወቅም። ምናልባት አንዱም አላዳነው ይሆናል። ይህ ምዕራፍ መበየጃው ከመጋሉ በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ ነው።

አስቀድሜ መናገር የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በፈዝ ፔዳል ውስጥ ቮልት ተለዋወጠ ማለት ፔዳሉ ተበላሸ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለውጥ የዕቃው ተፈጥሮ ነው፤ አንዳንዱን የሚያመጣው የለኪው እጅ ነው፤ አንዳንዱ ከባትሪው ወይም ከአዳፕተሩ ይመጣል፤ የቀረው ደግሞ እውነተኛ ብልሽት ነው። እነዚህን ለመለየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ለውጡ መቼ እንደሚመጣ ማየት ይበቃል። ሲሞቅ ነው? ማዞሪያው ሲዞር ነው? ጊታሩ ሲሰካ ነው? ሰሌዳው ሲነካ ነው? መልሱ ከተገኘ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ተገኘ ማለት ይቻላል።

ፈዝ ራሱ ከብልሽት የተወለደ ድምፅ ነው። በ1961 (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የማርቲ ሮቢንስ “ዶንት ዎሪ” ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ፣ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው የቤዝ ሶሎ በተበላሸ የሚክሰር ቻናል አልፎ ሻካራና የሚያጉረመርም ድምፅ ይዞ ወጣ። የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ይህን ድምፅ በትራንዚስተር መልሶ የሚፈጥር ሰርኪዩት ሠራ፤ ጊብሰን ኩባንያም በ1962 “ማስትሮ ፈዝ ቶን” ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 “ሳቲስፋክሽን” ላይ ሲጠቀሙበት ዓለም ሁሉ ሰማው። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ውስጥ የአይቨር አርቢተር ድርጅት “ፈዝ ፌስ” የተባለውን ክብ ፔዳል አወጣ። ጂሚ ሄንድሪክስ እግሩን ያሳረፈበት ይህ ፔዳል እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች በቤታቸው የሚሠሩት የመጀመሪያ ሰርኪዩት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኛም የምንመረምረው እሱን ነው።

ፈዝ ፌስ ያለው ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ማዞሪያ ብቻ ነው። የጊታሩ ሲግናል በ2.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ቤዝ ላይ ይደርሳል። የዚህ ትራንዚስተር ኮሌክተር በ33 ኪሎኦም ሬዚስተር ከባትሪው ጋር ተያይዟል፤ ከዚያው ቦታ በቀጥታ፣ በመሃል ካፓሲተር ሳይገባ፣ ከሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝ ጋር ይገናኛል። የሁለተኛው ኮሌክተር በ8.2 ኪሎኦምና በ470 ኦም ሬዚስተሮች በኩል ወደ ባትሪው ይሄዳል። ድምፁ የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ሬዚስተሮች መገናኛ፣ በ0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል፣ ወደ ድምፅ ማዞሪያው ነው። የሁለተኛው ኤሚተር ደግሞ 1 ኪሎኦም በሆነው የፈዝ ማዞሪያ በኩል ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ካፓሲተር፣ 20 ማይክሮፋራዱ፣ ከዚሁ ማዞሪያ ወደ ግራውንድ ተያይዟል። የቀረችው 100 ኪሎኦሟ ሬዚስተር ናት፤ ከሁለተኛው ኤሚተር ተነስታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ትመለሳለች።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህች ሬዚስተር ናት። በእሷ ምክንያት ሁለቱ ትራንዚስተሮች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ከረንት ማሳለፍ ሲጀምር የኮሌክተሩ ቮልት ይወርዳል፤ የእሱ ኮሌክተር የሁለተኛው ቤዝ ስለሆነ ሁለተኛው ይዳከማል፤ የሁለተኛው ኤሚተር ቮልት ሲቀንስ ደግሞ በ100 ኪሎኦሟ በኩል ለመጀመሪያው ቤዝ የሚደርሰው ከረንት ያንሳል፤ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። እንዲህ እየተጠባበቁ አንድ ቦታ ላይ ይረጋሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ትራንዚስተር ላይ የታየ የተዛባ ቮልት ጥፋቱ የሁለተኛው ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የመጀመሪያው ነው። ጀማሪዎች ሁለተኛውን ትራንዚስተር ደጋግመው የሚቀይሩት ይህን ስለማያውቁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች የተሠሩት ኤንኬቲ275 በተባሉ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ነበር። ዛሬ በቤቱ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ኤሲ128ን ነው፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ የአውሮፓ ትራንዚስተር ራዲዮኖች የድምፅ ማውጫ ክፍል ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበርና አሮጌ ራዲዮ ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። ሁለቱም ፒኤንፒ ዓይነት ናቸው። በዚህ ምክንያት በዚህ ፔዳል ውስጥ ግራውንዱ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፣ ቴስተሩም ቁጥሮቹን በሙሉ ኔጌቲቭ አድርጎ ያሳያል። ግራ እንዳያጋባ ከዚህ በኋላ ምልክቱን ትተን መጠኑን ብቻ እንናገራለን።

በጤነኛ የጀርማኒየም ፈዝ ፌስ፣ ባትሪው 9 ቮልት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት፣ ኮሌክተሩ ላይ 0.6 ገደማ፣ የሁለተኛው ኤሚተር ላይ 0.5 ገደማ፣ ኮሌክተሩ ላይ ደግሞ ከ4.5 እስከ 5 ቮልት እናነባለን። ከየት እንደመጡ ማስላትም ቀላል ነው። ኤሚተሩ ላይ ያለው 0.5 ቮልት በ1 ኪሎኦም ላይ ሲያርፍ 0.5 ሚሊአምፔር ይሆናል። ያው ከረንት በኮሌክተሩ በኩል 8.67 ኪሎኦም (8.2 ኪሎኦምና 470 ኦም ተደምረው) ሲያልፍ 4.3 ቮልት ይወድቅበታል። ከ9 ላይ 4.3 ሲቀነስ 4.7 ይቀራል። ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ኤሚተሩ ላይ የ0.1 ቮልት ለውጥ ኮሌክተሩ ላይ ወደ 0.9 ቮልት የሚጠጋ ለውጥ ሆኖ ይታያል። ኮሌክተሩ ላይ የሚያስደነግጥ ቁጥር ስናይ ከሥሩ ያለው መንስኤ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መለኪያው። ከሁሉ በፊት የሚለካው ባትሪው ነው፣ እሱም ፔዳሉ በርቶ። አብዛኞቹ ፔዳሎች የጊታሩ መግቢያ ላይ ስቴሪዮ ጃክ አላቸው፤ የጊታሩ ገመድ ካልተሰካ ባትሪው ከሰርኪዩቱ ጋር አይገናኝም። ሁሉም ቦታ ዜሮ ቮልት አንብበው የተደናገጡ ብዙዎች የጎደላቸው የገመድ ጫፍ ብቻ ነው። ገመዱን ሰክታችሁ የጊታሩን ድምፅ ዜሮ አድርጉና አንዱን የቴስተር ጫፍ ግራውንድ ላይ አስራችሁ ተዉት። ጊታሩ እየተመታ መለካት አይገባም። ኃይለኛ ሲግናል ሲገባ ትራንዚስተሩ ሞገዱን በአንድ ወገን ይቆርጠዋል፣ የመግቢያው ካፓሲተርም ቻርጅ እየያዘ የቤዙን ቮልት ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ መዋዠቁ የፈዝ ሥራ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

የቴስተሩም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ዲጂታል ቴስተሮች አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስላላቸው ሰርኪዩቱን ብዙም አይነኩትም። በመርፌ የሚያሳየው የቆየ ቴስተር ግን ሌላ ነው። በአንድ ቮልት 20 ኪሎኦም የሆነው የተለመደው ዓይነት በ2.5 ቮልት መለኪያው ላይ 50 ኪሎኦም ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ስናሳርፈው፣ 0.15 ቮልት በ50 ኪሎኦም ሲካፈል፣ 3 ማይክሮአምፔር ይጠጣል። ቤዙ ራሱ የሚሠራበት ከረንት ከዚህ ብዙም አይበልጥም! ሰርኪዩቱ የተወሰደበትን ለመተካት ሲሞክር የሁለተኛው ኤሚተር በ0.3 ቮልት ከፍ ይላል፣ ኮሌክተሩም ከ2 ቮልት በላይ ይወርዳል። ለኪው ያነበበው ቁጥር እውነት ነው፤ ግን ቴስተሩ የተጨመረበት ሌላ ሰርኪዩት ቁጥር ነው። በመርፌ ቴስተር የምትሠሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ቤዝ አትንኩት፤ የሁለተኛው ኤሚተርና ኮሌክተር ስለ እሱ በቂ ይነግሯችኋል።

ወደ ሙቀት እንምጣ። በጀርማኒየም ፔዳል ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፋ ያለ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው።

ቴስተሩን የሁለተኛው ኮሌክተር ላይ አድርጋችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር የብረት ቆብ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ያዙት። በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በመቶኛው ቤት፣ ቀጥሎ በአሥረኛው ቤት፣ ወደ ላይ ብቻ። 4.60፣ 4.68፣ 4.81። ጣታችሁን ስትለቁ ወዲያው አይመለስም፤ ቆቡ የያዘውን ሙቀት እየለቀቀ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አሁን ሁለተኛውን ትራንዚስተር በተመሳሳይ መንገድ ያዙት። ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ይህ ቀላል ሙከራ ከላይ ስለ ቀንበሩ ያልነውን በዓይን ያሳያል፦ የሁለተኛውን ኮሌክተር የሚነዳው የመጀመሪያው ነው።

ምክንያቱ ጀርማኒየም ውስጥ ሾልኮ የሚያልፈው ከረንት ነው። ትራንዚስተር ቤዙ ላይ ምንም ካልተሰጠው መዘጋት ነበረበት። ጀርማኒየም ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከኮሌክተር ወደ ቤዝ ጥቂት ማይክሮአምፔር ሁልጊዜ ይሾልካል፣ ትራንዚስተሩም ይህን እንደ ቤዝ ከረንት ቆጥሮ ያባዛዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሾላኪው ከረንት በግምት እጥፍ ይሆናል። 1 ማይክሮአምፔር የነበረው 2 ሆነ እንበል። ያ የተጨመረ 1 ማይክሮአምፔር በ100 ኪሎኦሟ በኩል መምጣት የነበረበትን ይተካል፤ ስለዚህ በእሷ ላይ ያለው ቮልት በ0.1 ይቀንሳል። የቤዝና የኤሚተር ልዩነትም በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 2 ሚሊቮልት ስለሚወርድ ሌላ 0.02 ይጨመርበታል። ኤሚተሩ በ0.12 ቮልት ወረደ ማለት ኮሌክተሩ በ1 ቮልት ገደማ ወጣ ማለት ነው። አንድም ዕቃ አልተቃጠለም፤ ክፍሉ ሞቋል፣ ሌላ የለም።

ይህ በአገራችን አየር ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኅዳር ጠዋትና የዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለያያሉ። ጠዋት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ 4.5 ላይ የተስተካከለ ፔዳል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በገባበት ክፍል 6 ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም። ድሬዳዋ ሄዶ ከቤት ውጭ መድረክ ላይ ቢቀመጥማ ይብስበታል። ኮሌክተሩ ወደ ባትሪው ቮልት በተጠጋ ቁጥር ለሞገዱ አንደኛው ወገን ቦታ ስለሚጠፋ፣ ደካማ ኖታ ጭራሽ አይሰማም፣ ጠንካራው ደግሞ ተቆርጦ ያልቃል። በምዕራፉ መጀመሪያ ያየነው መቆራረጥ ይኸው ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ትራንዚስተር ከተበየደ ወይም በእጅ ከተነካ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይጠበቅ የተነበበ ቁጥር አይታመን። ጀርማኒየም ከነጭራሹ ባይበየድ ይሻላል፤ ሶኬት በይዳችሁ ትራንዚስተሩን መሰካት ከሙቀት ያድነዋል፣ መቀያየርም ያቀላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሾላኪ ከረንቱ ትንሽ የሆነው ይሁን። አር.ጂ. ኪን የተባለው አሜሪካዊ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ስለ ፈዝ ፌስ በጻፈው በሰፊው በሚታወቅ ጽሑፍ ያስተማረው የመለኪያ ዘዴ ለዚህ ይበቃል። ኤሚተሩን ከ9 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር፣ ኮሌክተሩን ደግሞ በ2.4 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ከኔጌቲቩ ጋር አገናኙ። ቤዙ ሳይነካ በሬዚስተሩ ላይ የሚታየው ቮልት የሾላኪው ነው፤ 0.24 ቮልት ማለት 100 ማይክሮአምፔር ነው። ቀጥሎ ቤዙን በ2.2 ሜጋኦም ሬዚስተር በኩል ከኔጌቲቩ ጋር አገናኙ። ቤዙ 4 ማይክሮአምፔር ገደማ ያገኛል። አሁን ከሚነበበው ላይ የመጀመሪያውን ንባብ ቀንሱና በ100 አባዙት፤ የትራንዚስተሩ እውነተኛ የማባዛት አቅም በጥሩ ግምት ይገኛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መቀነሱን ዘለው ነው። ቴስተር ላይ ባለው የትራንዚስተር መለኪያ ቀዳዳ 150 ያሳየ አሮጌ ኤሲ128 ግማሹ ሾላኪ ከረንት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ እውነተኛ አቅሙ 75 ብቻ ነው። ኪን የሚመክረው ለመጀመሪያው ከ70 እስከ 80፣ ለሁለተኛው ከ110 እስከ 130 ያላቸውን ነው። ሾላኪው 300 ማይክሮአምፔር የሆነ ትራንዚስተር ሁለተኛው ቦታ ላይ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ግን በሞቃት ቀን ፔዳሉን ዝም ያሰኘዋል። አንዳንዴ ሁለቱን ማቀያየር ብቻውን ጠቅላላ ችግሩን ይፈታል። አንድ ሳንቲም የማይጠይቅ ሙከራ ስለሆነ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ማዞሪያ ሲዞር የሚለወጥ ቮልት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ ይህኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። የፈዝ ማዞሪያው ቢዞር ባይዞር በኤሚተሩና በግራውንዱ መካከል ያለው 1 ኪሎኦም አይለወጥም፤ የሚለወጠው 20 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር የሚይዘው ቦታ ነው። ካፓሲተር ደግሞ ዲሲ አያሳልፍም። ስለዚህ ፈዙን ስትጨምሩ የሁለተኛው ኮሌክተር ቮልት ከወረደ ያ ካፓሲተር ዲሲ እያሳለፈ ነው፤ አርጅቷል፣ ወይም ተገልብጦ ተበይዷል። መገልበጡ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ንድፎች የሚሣሉት ኔጌቲቩ ግራውንድ ለሆነ ፔዳል ነውና ያንን ንድፍ እያየ የጀርማኒየም ፔዳል የሚሠራ ሰው ካፓሲተሮቹን እንዳሉ ይገለብጣቸዋል። በእኛ ፔዳል የ20 ማይክሮፋራዱ ፖዘቲቭ ወደ ግራውንድ፣ የመግቢያው 2.2 ማይክሮፋራድ ኔጌቲቭ ደግሞ ወደ ቤዙ መሆን አለበት።

የመግቢያው ካፓሲተር ሲያፈስ ምልክቱ ከጊታሩ ጋር ይያያዛል። የጊታር ፒክአፕ ለዲሲ ጥቂት ኪሎኦም ብቻ ነው። ካፓሲተሩ ካፈሰሰ ቤዙ በፒክአፑ በኩል ወደ ግራውንድ መንገድ ያገኛል፤ የጊታሩ የድምፅ ማዞሪያ ሲዞር ወይም ገመዱ ከጊታሩ ሲነቀል የፔዳሉ ቮልቶች ሁሉ ይናወጣሉ። ጊታሩ ሳይያያዝ ጤነኛ የሚመስል ፔዳል ጊታሩ ሲመጣ ከታመመ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ያቺን ካፓሲተር ቀይሩ። የመውጫው ካፓሲተር ሲያፈስ ደግሞ የፔዳሉ ድምፅ ማዞሪያ ላይ ዲሲ ይደርስና በዞረ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ሰሌዳው በእርሳስ ወይም በደረቅ እንጨት ጫፍ ሲነካ የሚዘል ቮልት ያልያዘ ብየዳ ነው። ደብዘዝ ያለና ቀለበት የሠራ ብየዳ ፈልጋችሁ እንደገና አግሉት። ስለ ብየዳ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ባትሪን በተመለከተ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን ስሌቱን እመርጣለሁ። ፔዳሉ በጠቅላላ የሚጠጣው ከ1 ሚሊአምፔር በታች ነው። 500 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ አልካላይን ባትሪ በዚህ ፍጥነት ከ500 ሰዓት በላይ ይቆያል። ፔዳሉ ላይ የተጨመረች አንዲት ኤልኢዲ መብራት ብቻዋን ከሰርኪዩቱ በብዙ እጥፍ ትጠጣለች። ባትሪው በጥቂት ቀን ካለቀ ወይ ገመዱ ተሰክቶ እያደረ ነው፣ ወይ መብራቷ ናት፣ ወይ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ባትሪው ከ9 ወደ 8 ሲወርድ የሁለተኛው ኮሌክተርም ወደ 4 ቮልት አካባቢ መውረዱ ጤነኛ ነው። ኮሌክተሩን ብቻውን አትመልከቱ፤ ሁልጊዜ ከዚያው ሰዓት የባትሪ ንባብ ጋር አነጻጽሩት። ግማሹ አካባቢ ከሆነ ሰርኪዩቱ በቦታው ነው።

አዳፕተር ግን ጠንቃቃነት ይጠይቃል። ሬጉሌተር የሌለው ርካሽ አዳፕተር “9 ቮልት” የሚለው በሙሉ ጭነቱ ሲሠራ ነው፤ 1 ሚሊአምፔር ብቻ የሚጠጣ ፔዳል ላይ ሲሰካ 12 እና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል። የቤቱ 220 ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል እሱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ኮሌክተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከወረደ ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳፕተሩ ማጣሪያ ደካማ ሲሆን የ100 ኸርዝ ጉርምርምታ በድምፁ ውስጥ ይገባል። ከዚህ የከፋም አለ። አብዛኛው የፔዳል አዳፕተር የመሃሉ ሹካ ኔጌቲቭ ነው፣ የሌሎቹ ፔዳሎች ግራውንድም ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ግራውንድ ያለው የጀርማኒየም ፈዝ ከእነሱ ጋር በአንድ አዳፕተር ሲታሰር፣ በጊታሩ ገመድ መከለያ በኩል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይገናኙና ሾርት ይሆናል። ስለዚህ የጀርማኒየም ፈዝ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ይህ የአሮጌ ሰዎች ልማድ አይደለም፤ የሽቦው ግዴታ ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈዝ ፌስ ቢሲ183ንና ቢሲ108ን በመሳሰሉ የሲሊከን ትራንዚስተሮች መሠራት ጀመረ። በሲሊከን የሙቀቱ ጣጣ አብዛኛው ይጠፋል፤ ሾላኪ ከረንቱ ከቁጥር አይገባም። ቤዙ ላይ 0.6፣ የመጀመሪያው ኮሌክተር ላይ 1.3 ገደማ ይነበባል። ሌላ ችግር ግን ይተካል። ሲሊከን ፈጣን ስለሆነ ሰርኪዩቱ በጆሮ በማይሰማ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ራሱን በራሱ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ምልክቱም እጅ ወደ ሰሌዳው ሲጠጋ፣ ሳይነካው፣ ቮልቱ መለወጡ ነው። ከመጀመሪያው ትራንዚስተር ቤዝ ወደ ኮሌክተሩ ከ47 እስከ 100 ፒኮፋራድ የሆነች ካፓሲተር ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያስታግሰዋል። እግር መሳሳትም አለ። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እኛ አድርገን ስናየው 2ኤን3904 ከግራ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ሲሆን ቢሲ547 ግን ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። የተገለበጠ ትራንዚስተር ጭራሽ አይሞትም፤ በደካማ አቅም ይሠራል፣ ቮልቶቹም ከየትኛውም ሠንጠረዥ ጋር አይገጥሙም።

ቮልቱ የማይዋዥቅ፣ ነገር ግን አንድ ጥግ ላይ የተቸነከረ ከሆነ ምርመራው ፈጣን ነው። የሁለተኛው ኮሌክተር ከባትሪው እኩል ሆኖ የመጀመሪያው ኮሌክተር ዜሮ አካባቢ ከሆነ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሾርት ነው ወይም ክፉኛ ያሾልካል። የሁለተኛው ኮሌክተርና ኤሚተር ሁለቱም 1 ቮልት አካባቢ ተገናኝተው ከተገኙ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ቤዙ አልደረሰውም ማለት ነውና 100 ኪሎኦሟን ከነብየዳዋ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ኮሌክተር 9 ቮልት ካነበበ ደግሞ የሁለተኛው ቤዝ አልተያያዘም።

ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ኮሌክተሩ 4.5 ላይ አልመጣ ካለስ? በ8.2 ኪሎኦሙ ፋንታ 20 ኪሎኦም የሚስተካከል ትሪመር አስገቡ። ግን 4.5ን ጣዖት አታድርጉት። የባትሪው ግማሽ ስለሆነ ሞገዱ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ቦታ ያገኛል፣ ለመነሻ ጥሩ ነው። ትሪመሩን እያዞሩ ጊታሩን ሲመቱ በ5 ወይም በ5.5 የበለጠ የሚወዱ ብዙ ጊታሪስቶች አሉ፤ እኔም ጊታሩ ሲቀነስ ድምፁ ይበልጥ የሚጠራው ከ4.5 ትንሽ ከፍ ሲል ነው ባይ ነኝ። የመጨረሻውን ቦታ ጆሮ ይምረጥ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ የባትሪውን፣ የሁለቱን ኮሌክተሮችና የሁለተኛውን ኤሚተር ቮልት፣ የክፍሉን ሙቀትና ቀኑን ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ፔዳሉን የሚከፍተው ሰው፣ እናንተም ሆናችሁ ሌላ፣ የሚያነጻጽርበት ቁጥር ይኖረዋል።